የማያያዝ ፈቃድ

በደሴታችን ዋና ከተማ በአፒያ ዳርቻ፣ ቫይቴሌ ላይ የፔሳሚኖ የሕንፃ መሣሪያ መደብር አለ። መጋዘኑን የምይዘው እኔ ነኝ፤ ስሜ ኤሴራ ይባላል። ከፔሳሚኖ ጋር አንድ ሰፈር ነው ያደግነው። እሱ ነጋዴ ሆነ፣ እኔ የእሱ ሠራተኛ ሆንኩ፤ በዚህም ተቀያይመን አናውቅም።

የደንበኞችን ጠረጴዛ የሚይዙት ታላቅ እህቱ ሳላኤቫሉ ናቸው። ሱቁን ከአባታቸው ጋር ያቆሙት እሳቸው ነበሩ። ፔሳሚኖ ባሕር ማዶ ኦክላንድ ፋብሪካ ውስጥ ተቀጥሮ በነበረበት ዘመን ሚስማር በኪሎ እየመዘኑ፣ ቆርቆሮ በገዛ እጃቸው እየቆጠሩ ያስረከቡ ሴት ናቸው። አባታቸው ሲሞቱ የቤተሰቡ አለቅነት ለፔሳሚኖ ተሰጠ፤ ሱቁም በእሱ ስም ዞረ። ሳላኤቫሉ በዚህ ቅር አላላቸውም፤ እንዲያውም ቤተሰቡን ሰብስበው ነገሩን ያስጨረሱት ራሳቸው ናቸው። እኛ ዘንድ ወንድም ለእህቱ የሚሰጠው ክብር ከማዕረግም በላይ ነው። ፔሳሚኖ ስድሳን አልፎም እህቱ ወደ ክፍሉ ሲገቡ ድምፁን ይቀንሳል፣ የሸሚዙን ቁልፍ ይቆልፋል፣ የጀመረውን ቀልድ ይተዋል። በእኛ ላይ ሲጮህ ግን መንገድ ማዶ ይሰማል።

ሲስተሙን ያስገባችው ሲዬኒ ናት። የፔሳሚኖ ሚስት የአክስት ልጅ ነች፤ ባሕር ማዶ ሱቫ ተምራ፣ እዚያው ባንክ ሠርታ፣ ትዳሯ ሲፈርስ ወደ አገሯ ተመለሰች። ትዕዛዙን፣ ፕሮፎርማውን፣ የመጋዘኑን ገቢና ወጪ ሁሉ ከወረቀት አውጥታ ኮምፒውተር ውስጥ ከተተችው። እያንዳንዳችን የራሳችን መግቢያ ስም አለን፤ ገብተን የምናየውና የምንነካው ግን በተመደብንበት ቡድን ይወሰናል። እኔ ያለሁት መጋዘን ቡድን ውስጥ ነው። ዋጋ አይታየኝም፤ የተበላሸ ዕቃ ፎቶ ግን ማያያዝ እችላለሁ። የፊት ቢሮው ቡድን ዋጋ ያያል፣ ደንበኛ ይመዘግባል፣ የፈለገውን ፋይል ያያይዛል። ማያያዣው ትንሽ የአግራፍ ምልክት ናት፤ እሷን ሲነኩ ፎቶም ይሁን ሰነድ ከትዕዛዙ ጋር ተጣብቆ ይቀመጣል።

ሳላኤቫሉ ከሲስተሙ ሁሉ የወደዱት ያቺን አግራፍ ነው። ደንበኛ መጥቶ ስለሚሠራው ቤት ሲያወራቸው የልጁን የምርቃት ፎቶ ካሳያቸው ያያይዙታል። የሠርግ ጥሪ ያያይዛሉ። አንዴ የአጥር ሽቦ ትዕዛዝ ከፍቼ የአሳማ ፎቶ አገኘሁ። ይህ ደግሞ ምንድን ነው ብዬ ሄጄ ብጠይቃቸው፦

«አጥሩን የሚያፈርሰው እሱ ነው» አሉኝ። «መጠኑን አይተህ ሽቦውን ምረጥለት። ዝም ብለህ ቀጭኑን ልከህ ሰውዬውን እንዳታስለቅሰው።»

እውነትም ወፍራሙን ላክሁ። ሰውየውም አጥሩ ፈረሰ ብሎ ተመልሶ አልመጣም።

ነገሩ የተነሣው በፓስተር ኦፔታ መታጠቢያ ቤት ነው። ፓስተሩ የሚኖሩበት ቤት የቤተ ክርስቲያኑ ነው፤ ጥገናውን የሚወስነው የሽማግሌዎች ኮሚቴ ነው። የመታጠቢያ ቤቱ ወለል እንደሚያንሸራትት ሁሉም ያውቃል፤ ኮሚቴው በየስብሰባው ያነሣውና ወደሚቀጥለው ያስተላልፈዋል። ፓስተሩ አንድ ጠዋት እዚያ ውስጥ ወደቁ። ሲወድቁ የያዙትን የሻወር ቧንቧ ከነግድግዳው ቁራጭ ነቅለው ይዘውት ወረዱ። ሉፔ የምትባለው ልጃቸው ደርሳ ሽርጥ ጣል አደረገችባቸው። ብቻዋን ልታነሣቸው ስላልቻለች ጎረቤት እስኪመጣ ድረስ እዚያው ቁጭ አሉ። በዚያ መሃል ኦክላንድ ነርስ ለሆነው ወንድሟ ያበጠውን እግር ለማሳየት በስልኳ ፎቶ አነሣች።

በኋላ አባቷ የሚይዙት መደገፊያ ብረት ልታዝዝ ፈልጋ ያንኑ ፎቶ ለሳላኤቫሉ ላከችው። ግድግዳው፣ የተነቀለው ቧንቧ፣ መደገፊያ ብረት ሊገባበት የሚችለው ቦታ ሁሉ በደንብ ይታይ ነበር። የሚታየው ግን እሱ ብቻ አልነበረም። ሰኞ ጠዋት ዶሮ ሳይጮህ ተነሥተው ለሕዝቡ የሚጸልዩ፣ እሁድ ነጭ ኮት ለብሰው ሲያልፉ ሕፃናት እንኳ ከመንገድ ገለል የሚሉላቸው ሰው፣ ደረታቸው ተራቁቶ፣ ፀጉራቸው ግንባራቸው ላይ ተለጥፎ፣ ያበጠ እግራቸውን ዘርግተው ውሃ ላይ ተቀምጠዋል። ሽርጡ የሸፈነው ግማሹን ነው።

ሳላኤቫሉ ፎቶውን ከትዕዛዙ ጋር አያያዙት። ያያያዙት ለእኔ ብለው ነው፤ ግድግዳው ብሎኬት ይሁን እንጨት አይቼ ትክክለኛውን ብሎን እንድመርጥ። አይቼ መረጥሁ። ከዚያ ፕሮፎርማውን ሠርተው ለኮሚቴው ላኩት። ሲስተሙ ደግሞ ፕሮፎርማ በኢሜይል ሲወጣ ከትዕዛዙ ጋር የተያያዘውን ሁሉ አብሮ ይልካል። እሳቸው ይህን አያውቁም። እኔም አላውቅም ነበር።

በዚህ መልክ የፓስተር ኦፔታ ፎቶ ለእያንዳንዱ ሽማግሌ ደረሰ። ፔሳሚኖም የኮሚቴው አባል ነው። እራት ላይ ቤተሰቡ ከቦ ታሮ እየበላ ሳለ ስልኩን ከፈተው፤ ምራቱ በትከሻው በኩል አየችውና ሳህኗን ይዛ ተነሣች። ከሽማግሌዎቹ አንድም ሰው ስለ ፎቶው ቃል አልተነፈሰም። የሚቀጥለው እሁድ ሁሉም ዓይናቸውን መዝሙር መጽሐፋቸው ላይ ተክለው ዘመሩ፤ ቃሉን በቃላቸው የሚያውቁትን መዝሙር ጭምር።

ፔሳሚኖ ሲዬኒን የያዛት ጓሮ ውስጥ ነው፤ እንጨቱ ከተከመረበት ዘንድ። እኔ መኪና እያስጫንሁ ነበርና የሚባባሉትን እሰማለሁ።

«የእታለምን የማያያዝ ፈቃድ አንሺው» አላት።

ሲዬኒ ምን ብላ እንደምትነግራቸው ጠየቀችው።

«ምንም አትንገሪያቸው።»

«ይጠይቁኛል እኮ።»

«ሲስተሙ ነው በያቸው። ሲስተም ይበላሽ የለ እንዴ?»

ሲዬኒ ቀጥላ፣ እሱ ራሱ ቢነግራቸው እንደሚሻል ልታስረዳው ሞከረች። ፔሳሚኖ ከእንጨቱ ላይ አንድ ሳንቃ መዘዘና ጠማማ መሆኑን ለማየት በዓይኑ አነጣጠረ። ሳንቃው ቀጥ ያለ ነበር። መልሶ ሰካውና ሄደ።

ፈቃዱ የሚሰጠው ለሰው ሳይሆን ለቡድን ነው። ከሳላኤቫሉ ብቻ ለማንሣት ሲዬኒ አዲስ ቡድን መፍጠር ነበረባት፤ ከፊት ቢሮው ጋር በሁሉም ነገር የሚመሳሰል፣ አግራፍ ብቻ የሌለው። ሲስተሙ ስም ያልተሰጠው ቡድን አይቀበልም። ለጥቂት ጊዜ አሰበችና «ልዩ» ብላ ጻፈች። ሳላኤቫሉን እዚያ ውስጥ አስገባቻቸው። ሌላ ማንም የለበትም።

በነጋታው ሳላኤቫሉ ጠሯት። አግራፏ ጠፋችብኝ አሏት። ሲዬኒ አፕዴት እየተደረገ ነው፣ ትመለሳለች አለቻቸው። እሳቸውም እሺ ብለው ተቀመጡ። በማግስቱ ጠየቁ፤ መልሱ ያው ነው። ከዚያ በኋላ ሲዬኒ በፊት በር መግባት ትታ በእኔ መጋዘን በኩል ማለፍ ጀመረች፤ ሠራተኞቼ ሲያዩዋት «ምን ሰርቀሽ ነው?» እያሉ ይስቁባታል። ሳላኤቫሉ ግን ልጅቷ ሥራ በዝቶባት የምትሸሽ መሰላቸው። በኮኮናት ወተት የተጋገረ ዳቦ በሳህን ሸፍነው ይልኩላት ጀመር። ለእኔም «ይህቺን ልጅ አፕዴት ገደላት፤ ፊቷን አየኸው?» ብለውኛል። ሲዬኒ ዳቦውን መብላት አቅቷት ለጫኞቹ ስትሰጥ አይቻለሁ።

እኔ እውነቱን አውቅ ነበር። የማንም ቤተሰብ ጉዳይ ውስጥ አልገባም ብዬ ዝም አልሁ።

አግራፍ ስለሌላቸው ሳላኤቫሉ ስልካቸውን ይዘው ወደ መጋዘን መመላለስ ጀመሩ። የደንበኛውን ፎቶ በእጃቸው ያሳዩኛል፤ እኔ አያለሁ፤ ይመለሳሉ። ጉልበታቸው ስለሚያማቸው ደረጃውን ሲወርዱ ግድግዳ ይይዛሉ። አንድ ቀን እንደዚህ መጥተው አጠገቤ ቆመው ሳለ ከወደብ የመጣ ቆርቆሮ ዝጎ ስላገኘነው ፎቶውን ሲስተሙ ላይ እያስገባሁ ነበር። አግራፏን ነካሁ፤ ፎቶው ተጣበቀ።

ሳላኤቫሉ መነጽራቸውን አውጥተው አደረጉ።

«የአንተ አለች?»

«አለች።»

«አፕዴቱ አንተ ጋ አልደረሰም?»

ልዋሽ እችል ነበር፤ ውሸቱም ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። አፌ ላይ ግን አልመጣልኝም። አፕዴት የሚባል ነገር እንደሌለ ነገርኋቸው። ሌላውን ሲዬኒን ይጠይቁ አልኋቸው።

ስልካቸውን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። ወደ ላይ ሲወጡ እጃቸውን ልይዝ ብል በዓይናቸው ከለከሉኝ። ቢሆንም ሲዬኒ ክፍል ድረስ ተከተልኋቸው፤ የጀመርሁትን ነገር ትቼ መቅረት አፈርሁ።

ሲዬኒ ስታያቸው ተነሣች። ሳላኤቫሉ ከጎኗ ያለውን ወንበር ስበው ተቀመጡና «የእኔ ስም የት እንዳለ አሳዪኝ» አሏት። ሲዬኒ እኔን አየችኝ። ከዚያ ከፈተችላቸው። የሁላችን ስም ተደርድሯል፤ በየስማችን ትይዩ የቡድናችን ስም አለ። ፊት ቢሮ፣ ፊት ቢሮ፣ መጋዘን፣ መጋዘን። ሳላኤቫሉ በጣታቸው እየተከተሉ የራሳቸው ስም ጋ ደረሱ።

«ልዩ ማለት ምንድን ነው?» አሉ።

ሲዬኒ ማልቀስ ጀመረች። ሳላኤቫሉ እስክትጨርስ ጠበቋት፤ አላባበሏትም፣ አልተቆጧትም። ስትጨርስ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ የፔሳሚኖን ትዕዛዝ፣ ከዚያ ፎቶው ኮሚቴው ዘንድ መድረሱን። ሳላኤቫሉ ስለ ፎቶው የሰሙት ያን ጊዜ ነው። ሲዬኒ የተላከውን ኢሜይል ከፍታ አሳየቻቸው። የተቀባዮቹን ስም አንድ በአንድ አነበቡ፤ አብዛኞቹን ገና በሕፃንነታቸው የሚያውቋቸው ናቸው።

«ፓስተሩ ያውቃሉ?»

«ያውቃሉ ይባላል።»

«ሉፔስ?»

ሲዬኒ እሷም ታውቃለች በሚል ራሷን ነቀነቀች።

 ሳላኤቫሉ ምን እንዳሰቡ በኋላ መኪና ውስጥ ሲናገሩ ሰማሁ፤ ያኔ ግን ያየሁት መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጫፍ ሲጠርጉ፣ መልሰው ሲያደርጉ፣ እንደገና አውልቀው ሲጠርጉ ነው። ከዚያ ተነሥተው ወደ ወንድማቸው ቢሮ ሄዱ። ፔሳሚኖ ስልክ ላይ ነበር፤ ሲያያቸው ዘጋውና ቆመ።

ስለ አግራፏ አንዲት ቃል አላነሡበትም። ነገ ጠዋት ወደ ፓስተር ኦፔታ ቤት እንደሚሄዱ፣ የእናታቸውን የክብር ምንጣፍ ከሣጥን እንደሚያወጡ፣ ከፊት የሚቀመጠው የቤተሰቡ አለቃ ስለሆነ እሱም እንደሚመጣ ነገሩት። እኛ ዘንድ በተበዳዩ ደጅ ምንጣፍ ተከናንቦ ይቅርታ የሚጠየቀው ከባድ በደል ሲደርስ ነው፤ ሰው ሲገደል፣ ሴት ልጅ ስትደፈር። ፔሳሚኖ ደነገጠ።

«ለፎቶ?» አለ። «እታለም፣ ሰው አልሞተም እኮ።»

«ሰው ቢሞትማ ትነግረኝ ነበር» አሉት።

መኪናውን የነዳሁት እኔ ነኝ። ምንጣፉ በነጭ አንሶላ ተጠቅልሎ ከኋላ ተጋድሟል፤ ጸሐይዋ ገና አልከረረችም። ፓስተሩ ቤት ስንደርስ ፔሳሚኖ ቅጥሩ ውስጥ ሣሩ መሃል ተቀመጠ፤ ምንጣፉን ራሱ ላይ ዘርግተንለት ተከናነበው። ሳላኤቫሉ ከእሱ ኋላ ተቀመጡ። ጉልበታቸው ስላልታጠፈ እግራቸውን በጎን በኩል አወጡት። እኔ መኪናው ዘንድ ቆሜያለሁ። ጎረቤት በየመስኮቱ ብቅ አለ። ማን ሞተ፣ ማን ተጣላ እያሉ ሲጠያየቁ ይሰማል፤ የፔሳሚኖ ልጅ በመኪና ሰው ገጨ ያለም ነበር።

ፓስተር ኦፔታ ምርኩዛቸውን ይዘው በረንዳው ላይ ወጡ። እግራቸው አሁንም በፋሻ ተጠምጥሟል። ከበስተኋላቸው ሉፔ በሩ ላይ ቆማለች፤ አልወጣችም።  ሳላኤቫሉ ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአጭሩ ተናገሩ። ፎቶውን ያያያዝሁት እኔ ነኝ፣ እንደሚላክ አላወቅሁም፣ ባለማወቄ ያዋረድሁት ግን እርስዎን ነው አሉ። ስለ ወንድማቸው ክፉ አልተናገሩም።

ፓስተሩ ወርደው ምንጣፉን ከፔሳሚኖ ራስ ላይ በእጃቸው አነሡት። ይህ ይቅርታው መቀበሉ ነው። ፔሳሚኖ ፊቱ በላብ ተጠምቆ ነበር። በረንዳው ላይ አስቀመጡንና ኮኮ የሚባለው ትኩስ የካካዎ መጠጥ ቀረበልን። ፓስተሩ ከጸሎት በኋላ ሲናገሩ አልሸፋፈኑትም። ፎቶው መላኩን የሰሙ ቀን ምሽት የስብከት ወረቀታቸውን ይዘው ለመቀመጥ እንዳቃታቸው፣ ሽማግሌዎቹን ሲያዩ ልብሳቸውን ያልለበሱ እየመሰላቸው እንደተቸገሩ ነገሩን። ከዚያ ከኮኮው ፉት ብለው፦

«ኮሚቴው ግን ሙሉ መታጠቢያ ቤቱን አጽድቋል» አሉ። «ወለሉን፣ ግድግዳውን፣ መብራቱን ጭምር። እኔ ስንት ጊዜ ስናገር ያልሰሙኝን።»

ፔሳሚኖ ሳቁ አመለጠው። እህቱ ሲያዩት አፉን ዘጋ። ፓስተሩም ሳቁ፤ ሳላኤቫሉ ግን አልሳቁም። ዓይናቸው ሉፔ ላይ ነበር። ሉፔ ኮኮውን አቅርባ ጽዋውን ሰብስባለች፣ የሚገባውን ሁሉ አድርጋለች፤ ከእሳቸው ጋር ግን ዓይን ለዓይን አልተያየችም። ስንሄድ ሳላኤቫሉ ሊስሟት ጠጋ ሲሉ ጉንጯን ሰጠች እንጂ አልሳመቻቸውም። አምናቸው ፎቶውን የላከችላቸው እሷ ናት፤ አባቷን በዚያ ሁኔታ ያዩባት ግን ሽማግሌዎቹ ሁሉ ናቸው።

ስንመለስ ሦስታችንም የፊት ወንበር ላይ ነበርን። ሳላኤቫሉ መሃል ተቀምጠዋል። ዋናው መንገድ ላይ ወጣን።

«ልክ ነህ፣ አግራፏ አትገባኝም ነበር» አሉት ለወንድማቸው፣ ወደ ፊት እያዩ። «ማንሣትህ አልከፋኝም። ሱቁ ያንተ ነው።»

«እታለም...»

«አልጨረስሁም። ስንት እሁድ እኚህን ሰው በር ላይ እጃቸውን ጨብጬ፣ እግርዎ እንዴት ዋለ እያልሁ ስጠይቃቸው፣ አንተ አጠገቤ ቆመህ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ቆመው ነበር። ያቺ ሴትዮ ምን ዓይነት ፊት አላት ሲሉኝ ኖረዋል። ጥፋቴን ከእኔ ደብቀህ ለኮምፒውተር ነገርኸው።»

ፔሳሚኖ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ነበር። ትልቅ ሰው ነው፤ ወንበሩ ይጠበዋል።

«እርስዎን እንዴት ብዬ ነው የምናገረው?» አለ በመጨረሻ። «እርስዎን አይሆንም ማለት አልተማርሁም። ማን አስተማረኝ? እናታችን እርስዎ ሲናገሩ ዝም በል ብላ ነው ያሳደገችኝ።»

 አንድ አውቶቡስ ከፊታችን ሰው ሊያወርድ ቆመና ጠበቅነው።

«እሷ ዝም በል ያለችህ እንድታከብረኝ ነው» አሉት። «ይኼኛው ክብር አይደለም። ልትከለክለኝ ከፈለግህ ራስህ ና። ድምፅህን ዝቅ አድርገህ፣ አንገትህን ደፍተህ፣ እንደፈለግህ አድርገህ ና። ሲዬኒን ግን አትላክብኝ። ያቺ ልጅ ዳቦዬን መብላት አቃታት።»

«እሺ» አለ።

ከዚያ በኋላ ስለ መኪናው ጎማ አወሩ። የኋላኛው ያለቀ መሆኑን ሳላኤቫሉ ከመቀመጫው አነቃነቅ ነው ያወቁት፤ እኔ ገና አላስተዋልሁም ነበር።

ሲዬኒ በዚያው ሳምንት «ልዩ» የሚለውን ቡድን ሰረዘችው። ሳላኤቫሉን ወደ ፊት ቢሮ መለሰቻቸው። ሌላም ነገር አደረገች፤ ፕሮፎርማ ሲላክ የተያያዘው ሁሉ አብሮ እንዳይወጣ የሚያደርገውን ማስተካከያ አገኘችው። አገኘችው ማለት እንኳ አይቻልም። ሲስተሙን ካስገባችበት ቀን ጀምሮ እዚያው የነበረ ነገር ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ምልክት ማንሣት ብቻ ነው የሚጠይቀው። ማንም ስላልጠየቀ እንደመጣ ትታው ነበር። ይህን ለፔሳሚኖ ስትነግረው እኔም ነበርሁ። መጀመሪያውኑ የእታለም ፈቃድ መነሣት አያስፈልገውም ነበር ማለት ነው? ብሎ ጠየቃት። አዎ፣ አያስፈልገውም ነበር አለችው። ይጮህባታል ብዬ ጠበቅሁ። ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተደገፈና በእርሳስ ጆሮውን አከከ፤ ከዚያ ይህንንም እኔው ነኝ የምነግራቸው አለ። ተነሥቶ ሸሚዙን ቆልፎ ወደ ፊት ቢሮ ሄደ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ ሲመለስ ግን እጁ ላይ ዳቦ ነበር።

ፓስተሩ ቤት አዲሱ መታጠቢያ ተሠራ። ዕቃው ሁሉ ከእኛ መጋዘን ወጣ፤ መደገፊያ ብረቱን ራሴ ነኝ ሄጄ ያሰርሁት። ሳላኤቫሉ አሁንም ያያይዛሉ፤ ነገር ግን ደንበኛው ፎቶ ሲያሳያቸው መጀመሪያ ይጠይቁታል። ይህን ማን ይየው? ኤሴራ ብቻ ነው ወይስ ሌላ ሰውም? አንዳንዱ ጥያቄው ያስቀዋል፣ ማንም ይየው፣ የቤቴ በር ነው ይላል። አንዳንዱ ደግሞ ስልኩን መልሶ ኪሱ ይከትና በቃል ይነግራቸዋል፤ እሳቸውም በቃል ይነግሩኛል።

ሉፔ ግን ከዚያ ወዲህ ወደ ሱቃችን አልገባችም። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሲገናኙ ከሳላኤቫሉ ጋር ሰላም ይባባላሉ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ መዘምራኑ ያወራሉ። ቧንቧም ሆነ ሲሚንቶ ሲያስፈልጋት ግን አፒያ ድረስ ሄዳ ከሌላ ሱቅ ትገዛለች። ሳላኤቫሉ ይህን ያውቃሉ። አንድም ቀን ሲያነሡት አልሰማኋቸውም።